«ይግቡ» ያለችው ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር አብረን ሻይ ስንጠጣ አንዷ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የምትለቀው የቫምፓየር፣ ያ የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ሙት፣ የፍቅር ልብ ወለድ አላት። «ቲቸር፣ አንባቢዎቼ ልጅቷን ሊበሏት ነው» አለችኝ። «ሰውየው ክፉ ነው። እሷ ደግሞ አትተወውም። 'ምን ዓይነት ጅል ናት' እያሉ ይሰድቧታል። እንድትተወው ላድርግ?»

ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ስለ ዓሣ ሾርባው ትንሽ አወራሁ። ከዚያ መሸብኝ ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በፊት ማንም ሳይጠይቀኝ መልሼዋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ነበር የመለስኩት።

1986 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። አማርኛ አስተምር ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ግራኝ ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። አንድ ቀን ሁሉም ከወጣ በኋላ ሁለት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ልብ ወለድ ነው። ቪዲዮ ቤት ያየችው የቫምፓየር ፊልም ነው የቀሰቀሳት። ታሪኩን ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ሰፈር አድርጋዋለች።

ሰውየው ከአሞራ ገደል ወዲያ፣ ደንገሉ ውስጥ ይኖራል። ቀን አይታይም። መረባቸውን ሌሊት የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች ብቻ ያውቁታል። «ደም መጣጭ» አላለችውም። ያ ቃል በአብዮቱ ጊዜ ለባላባቱ የተለጠፈ ስድብ ነውና በእኛ ጆሮ መፈክር መፈክር ይል ነበር። «የማታው ሰው» አለችው። ሳነበው ጸጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ልጅ በየዓመቱ አይገኝም። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው ጠላ በሚሸጥበት ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ በር የለውም። መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። የማታው ሰው ሌሊት ይመጣል። ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። እሷም መርፌዋን አስቀምጣ «ይግቡ» ትላለች። በየምዕራፉ እንዲሁ ነው። «ቤቶች!» «ይግቡ።»

ሰውየው ደግሞ አስጠሊታ ነው። ኩሩ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ያዘነላትን ጎረምሳ ገደለባት። እሷ አልቅሳ ሳትጨርስ መጥቶ መጋረጃው ሥር ቆመ። አሁንም «ይግቡ» አለችው።

መብራት ጠፍቶ ነበርና በሻማ ነው ያነበብኩት። ተናደድኩ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። «ለምን አትሮጥም?» «ይህቺ ሴት ጤነኛ ናት?» «ለምን አስገባችው?» እያልኩ 11 ቦታ ጻፍኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «ሰውየውን ደግ አድርጊው። ልጅቷን አስተዋይ አድርጊያት። ያኔ ጥሩ ልብ ወለድ ይወጣዋል።»

ታዛዥ ተማሪ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደብተር ይዛ መጣች። የማታው ሰው ከቄራ የበግ ደም እየገዛ የሚጠጣ ጨዋ ሆኗል። ይቅርታ ይጠይቃል። ልጅቷ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሻንጣዋን ይዛ የሻሸመኔ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ታሪኩ 40ኛው ገጽ ላይ አለቀ። እኔም ከ10 9 ሰጠኋት። «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ደብተር አምጥታልኝ አታውቅም።

የሚቆጨኝ ማወቅ የሚገባኝ ሰው ስለነበርኩ ነው። የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ከየት እንደመጣ አንብቤያለሁ። የጥንቶቹ የምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎች ቫምፓየር ከመቃብር የሚነሳ ያበጠ ሬሳ ነበር። ማንም አያፈቅረውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1816 ክረምት እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረንና ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ከርመው ነበር። (ይኸውና ይህም ከሐይቅ ዳር የወጣ ታሪክ ነው። እናንተም ሐይቅ አላችሁ።) ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ፖሊዶሪ በ1819 የታተመለት አጭር ታሪክ ሬሳውን መኳንንት አደረገው። ልብስ አለበሰው፣ ግብዣ ላይ አስቀመጠው። የቤት ልጆች የሚያዩት፣ በር የሚከፍቱለት ሰው ሆነ። የሚጠላው ጀግና ያኔ ተወለደ ማለት ይቻላል።

በ1897 የወጣው ድራኩላ የተባለው የቫምፓየር ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ካላለው በቀር ቫምፓየሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ቤት መግባት አይችልም። አንዴ ከተባለ በኋላ እንደፈለገ ይመላለሳል። ይህን ሕግ ተማሪዬ ከፊልም አይታ ይሁን ከየት አላውቅም። ግን ከእኔ በላይ ገብቷት ነበር። ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች «ይግቡ» ላይ ነው። ያችን ቃል ካወጣችኋት ሰውየው ውጭ ቆሞ ይነጋበታል። እኔ ለልጅቷ ያዘዝኩላት ይህንኑ ነው።

ሴቲቱ አናዳጅ ናት። አዎ። እንድትናደዱ ነው የተጻፈችው። ነፍሷን ይማርና እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው በዛብህን ትቆጣ ነበር። ሽሮውን እያማሰለች «አንተ ፈሪ! ተናገር እንጂ!» ትለዋለች። ማማሰያውን ወደ ሬዲዮው ታነሳለች። በሚቀጥለው ክፍል ግን ከሁላችን ቀድማ ሬዲዮው ሥር የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ፊታውራሪ መሸሻንም አምርራ ትጠላቸው ነበር። ሆኖም ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ ስትሰማ አንድ ቀን ዝም አለች። «አባቴም እንዲሁ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወጡን አወረደች። አያቴ ለእናቴ ምን እንዳደረጉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

አሁን ደግሞ ስለ እናንተ ልናገር። ትንሽ ትቸኩላላችሁ። «ሬድ ፍላግ»፣ የአደጋ ምልክት ነው ትላላችሁ፣ በቃ፣ ሰውየው ተፈረደበት፣ ልጅቷም አብራ ተፈረደባት። ገጸ ባሕርይን እንደ እጮኛ ነው የምትመዝኑት። ልብ ወለድ የትዳር ምክር አይደለም። ይህን ስል ግን የልጅ ልጄ ትዝ ትለኛለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እነዚህን ታሪኮች ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ታነባለች። አንድ ቀን «ቅናት እኮ የፍቅር ምልክት ነው» ስትለኝ ልቤ ደነገጠ። እኛ ብዙ ችለን ብዙ ተጎድተናል። እናንተ ቶሎ «ተዪው» ማለታችሁ ምናልባት ከእኛ ይሻላል። ሁለቱንም አስባለሁ። ሊታረቁልኝ አልቻሉም።

ክፉውን ሰው በተመለከተ ግን አሳቤ ቁርጥ ነው። ስልኳን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበረው እንበል። ደራሲዋ «ምን ያህል ቢወዳት ነው» ብላ ካለፈች መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ልጅቷ ተንበርክካ ሲም ካርዷን ከስብርባሪው ስትፈልግ፣ ጣቷን መስተዋቱ ሲቆርጠው፣ እሱም ደሙን አይቶ ፊቱን ሲያዞር ካሳየችኝ ግን እስኪነጋ አነባለሁ። ሰውየው ያው ክፉ ነው። ሁለተኛዋ ደራሲ ግን ክፋቱን አይታዋለች። ዉዘሪንግ ሃይትስ የተባለው የ1847 ልብ ወለድ ውስጥ ሂዝክሊፍ የተባለውን ክፉ ጀግና ከልጅነቱ ያየችው ሞግዚት መጨረሻ አካባቢ ቫምፓየር ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ትጠይቃለች። በሕፃንነቱ ተንከባክባዋለች፣ ሲያድግ አይታዋለች፤ ያም ሆኖ ትፈራዋለች። እንዲህ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ደግሞ ቫምፓየሩ ራሱ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ለጋዜጠኛ የሚናገርበት መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የእሱን ወገን መስማት ለመደ። ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቻችሁ እሱን እየሰማችሁ እሷን ረስታችኋታል። ለሰውየው ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ቁስል ትሰጡታላችሁ። ለእሷ የሚያምር ጸጉር ብቻ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተማሪዬን አገኘኋት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። በግራ እጇ ሻይ ስትሰጠኝ ነው ያወቅኋት። አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ደብተሩ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ሻሸመኔ ከሄደች በኋላ የምጽፈው አጣሁ» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ለምን አስገባችው አልኳት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ገና ጠየቁኝ።»

«11 ጊዜ ጠይቄሽ የለ?»

«ያኔማ ተቆጡኝ እንጂ መች ጠየቁኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። ያ ነው የባሰብኝ። «እዚያ ቤት ሁሉም መጋረጃውን ገልጦ ነበር የሚገባው። ጠላ ጠጪው፣ ወንድሞቿ፣ ያ ጎረምሳም ጭምር። ውጭ ቆሞ 'ቤቶች' ያለ እሱ ብቻ ነበር።»

እዚያው ድንኳን ውስጥ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ደብተሩ ላይ ነበረ እኮ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ሰው መጋረጃውን ሲገልጥ ነበር የሚጀምረው። እሷ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ስትሰበስብ። በሻማ አንብቤዋለሁ፣ ጣቴ አልፎበታል። ልጅቷ መልሱን ከጥያቄዬ በፊት ጽፋው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደብተሮች አሉ ወይ አልኳት። ቀይ ስለበዛባቸው ለሰው ማሳየት አፍራ እንደነበር ነገረችኝ። ኋላ ሱቅ ተሰጡ። ስኳር ተጠቀለለባቸው።

አንቺ ቅዳሜ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ያንቺን እስከ ክፍል 14 አንብቤዋለሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አስተያየቶቹን አታንብቢ ልልሽ ነበር፣ ግን እኔም አነበብኳቸው፣ አንዳንዶቹ ደህና ናቸው። የሚጮሁብሽ ሰዎች አሁንም እያነበቡሽ ነው። ክፍል 6 ላይ ሰውየው ኮንዶሚኒየሙ ሥር ዝናብ ላይ ቆሟል። መብራት የለም። እሷ አራት ፎቅ በጨለማ ወርዳ ትከፍትለታለች። ይህን ሁሉ በሁለት መስመር አልፈሽዋል። ደረጃውን ስትወርድ ምን እያሰበች ነበር? ቤት ውስጥ ትታው የወረደችው ምንድን ነው? ቁጣ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ እዚያው ቦታ እመጣለሁ። እስክሪብቶ አልይዝም።