ጠዋት ጠዋት የማይታጠፉ ጣቶች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቼን እንደጀመረኝ ከጻፍኩ ወዲህ መልእክቱ ጎርፏል። ግማሹ «እግዜር ይማርሽ» ነው፤ አሜን። ቀሪው ጥያቄ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ሐኪሜ ያስረዳችኝንና በራሴ ያየሁትን ነው።

ጥ፦ ስነሳ ጣቶቼ ተሳስረው ያድራሉ። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይለኛል። ያንቺ እንዴት ታወቀ?

ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ በሽታውን አያመጣውም። ሐኪሜ መጀመሪያ የጠየቀችኝ መተሳሰሩ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ጎልቶ የሚያመውም የአውራ ጣት ሥርና ጥፍር አጠገብ ያለው አንጓ ነው። የኔው ዓይነት የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፣ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ የጣቶችን ሥርና መሐለኛውን አንጓ ያሳብጣል። የደም ምርመራ ይረዳል፤ ግን ውጤቱ ነጌቲቭ ሆኖም በሽታው ሊኖር ይችላል። ካበጠብሽ ዛሬ ነገ አትበዪ። አንዴ የተበላ አጥንት አይመለስም።

ጥ፦ ለዚሁ በሽታ ሜቶትሬክሴት ታዘዘልኝ። ጎረቤቴ የካንሰር መድኃኒት ነው አለችኝ። ልተወው?

ለካንሰርም ይሰጣል፤ መጠኑ ግን በጣም ይለያያል። ለእኛ ትንሽ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ልድገመው፦ በሳምንት አንዴ! በስህተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች ሞተዋል። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ የጉበትና የደም ምርመራም በየጊዜው አለ። ለመውለድ ካሰብሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ጽንስ ይጎዳል። ጎረቤትሽን ቡና ጥሪያት፣ መድኃኒቱን ግን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ጥ፦ ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ ገዝቼ በሁለት ቀን ቀና አልኩ። ለምን ትሠቃያለሽ?

ቀና ማድረጉን አልክድም፤ ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው። እብጠቱን ያጠፋል፣ ሰው ዳንኩ ብሎ ወር ከወር ይቀጥላል። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያነሳል። ለሳምንታት ከወሰድከው ደግሞ በድንገት አታቋርጥ፤ ሐኪም ቀስ እያለ ያወርደዋል።

ጥ፦ ልጄ፣ እኔን ሥጋ ተው ብለውኛል። አንቺም ትተሻል?

አባቴ፣ የእርስዎ ሪህ ይመስለኛል። እሱ በዩሪክ አሲድ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ሥጋ መቀነስ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት፣ ለእርስዎ ይጠቅማል። እኔን ከጾም ወራት ውጪ የከለከለኝ የለም።

ጥ፦ በዚህ እጅ አማርኛ እንዴት ትተይቢያለሽ?

ይህን ስጠብቅ ነበር። የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ቁልፎች ስንጽፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ያስፈልጋል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ ጣት ግን አምስት ጊዜ ይመታል። ጠ እና ጨ ሲመጡ ሺፍት ይጨመራል፤ ትንሿን ጣት ዘርግቶ ሺፍትን መያዝ ዋናው ጠላቴ ነው። ስቲኪ ኪስ የሚባል ማስተካከያ ዊንዶውስም ማክም ላይ አለ። ሺፍትን ነካ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል፣ ተጭኖ መያዝ ቀረ።

የድርሰቴን ረቂቅ ደግሞ ለስልኬ እናገራለሁ። ጎግል በድምፅ መጻፊያው ላይ አማርኛን የጨመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሀ እና ሐን ያምታታብኛል፣ አራት ነጥቡን እኔው አስገባለሁ፣ ስሞችን እንዳሻው ያደርጋቸዋል። ቢሆንም ገጹ ይሞላል፤ ለጣቶቼ የሚተርፈው እርማቱ ብቻ ነው። አንድ ነገር አስተውያለሁ፦ ስናገር ንግግሮቹ ያምራሉ፣ ትረካው ግን ይንዛዛል። ስለዚህ ትረካውን አሁንም በእጅ ነው የምጽፈው፤ ረፋድ ላይ፣ እጄን ለብ ባለ ውኃ ከነከርኩ በኋላ። እስክሪብቶ የምትወዱ ወፍራም ፈልጉ፣ ወይ በጨርቅ ጠቅልሉት። ቀጭን እስክሪብቶ አጥብቆ መጨበጥ ይፈልጋል፤ የሚያሳምመውም ጭብጡ ነው።

ጥ፦ ጣት ማስጮህ ነው ያመጣብሽ?

አይደለም። ዶናልድ ኡንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከ60 ዓመት በላይ የአንድ እጁን ጣቶች ብቻ እያስጮኸ ኖረ። በሁለቱ እጆቹ መካከል ልዩነት አላገኘም። በ2009 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የኢግ ኖቤል ሽልማት ሰጥተውታል፤ መጀመሪያ አስቆ ኋላ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት ነው። አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ማናደዱ ግን የተረጋገጠ ነው።