ያገለገለ ሚክሰር ስትገዙ መጀመሪያ ዝምታውን ስሙ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሚክሰር፣ ማለትም ዲጄ ዘፈኖችን የሚያዋህድበትን ዕቃ፣ ይዞልኝ መጣ። ዲጄነትን ገና እየጀመረ ነው። ዕቃው ባለአራት ቻናል (አራት የድምፅ መስመር ያለው)፣ መብራቱ የሚያምር፣ ላዩ ላይ አንድ ጭረት የሌለው ነበር። «ጋሼ፣ በጣም ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ብቻ ይቆራርጣል» አለኝ። ሄድፎኔን ሰካሁ። ሙዚቃ አልከፈትኩም። የሦስተኛውን ቻናል የቤዝ ማስተካከያ ቀስ አድርጌ ሳዞረው «ክርርር» አለ። ከዚያ አንድ ዘፈን ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩና የሄድፎኑን መሰኪያ በጣቴ ነካ አደረግሁት። ግራ ጆሮዬ ላይ ድምፁ ጠፋ። ደግሜ ስነካው ተመለሰ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልጁ ግን ለዚያ ዕቃ ስምንት ወር ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም ነው የከረመው።

አንጀቴን በላኝ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ኖሬያለሁ። መጀመሪያ አጫውት ነበር፤ ኋላ ደግሞ ጠጋኝ ሆንኩ። ያገለገለ መግዛት ምንም ነውር የለውም። በደንብ የተያዘ ሚክሰር ዕድሜው ረጅም ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት የቦዛክ ሚክሰሮች ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ችግሩ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ትገዛላችሁ። ላዩን በጨርቅ ማጽዳት ለማንም ቀላል ነው።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ የሚቀድመው ነገር ዘፈን መልቀቅ ነው። ጮክ አድርጎ። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ዕቃው እንደሚሠራ ሊያሳያችሁ ፈልጎ ነው። ግን ዘፈን ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በትሕትና «እስቲ አንዴ ጸጥ እናድርገው» በሉት። የራሳችሁን ሄድፎን ሰኩ። የቻናሎቹን መምረጫ ሁሉ «ላይን» (ለሲዲና ለመሰል ማጫወቻዎች የሚሆነው) ላይ አድርጉ። ፌደሮቹን (የሚንሸራተቱትን የድምፅ መቆጣጠሪያዎች) ወደ ላይ ግፉ፤ ማስተሩን (የጠቅላላውን ድምፅ መቆጣጠሪያ) ስትጫወቱ በምትተውት ቦታ ላይ አድርጉትና አዳምጡ።

ትንሽ «ስስስ» የሚል ድምፅ አናሎግ ሚክሰር ላይ ያለ ነው። አትደንግጡ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሥር የሚሰማው ወፍራም «እምምም» ነው። አንዳንዴ የገመድ ወይም የመሬት መስመር ጉዳይ ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ደርቀው ነው። የራሳችሁን ገመድ ቀይራችሁ፣ ሌላ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ካልጠፋ ዕቃው ጠጋኝ ይፈልጋል። ይህን ዋጋው ላይ አንሱት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መምረጫው ፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ) ላይ ሆኖ ምንም ያልተሰካበት ቻናል ማጉረምረሙ የተለመደ ነው። ጥሩውን ዕቃ በዚህ ምክንያት ጥሎ የሄደ ልጅ አውቃለሁ።

ከዚያ ኖቦቹን (የሚዞሩትን ማስተካከያዎች) አንድ በአንድ አዙሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በዝግታ። የሚንኮሻኮሽ ኖብ ብዙ ጊዜ አቧራ ወይም ዝገት ነው፤ በትክክለኛው ማጽጃ ይስተካከላል። ሁለት ሦስቱ ቢንኮሻኮሹ ምንም አይደለም። ሁሉም ከሆኑ ዕቃው የት እንደከረመ መጠየቅ አለባችሁ። አፍንጫችሁንም ቀረብ አድርጉ። መጠጥ የፈሰሰበት ሚክሰር ሽታው ቶሎ አይለቀውም፤ ፌደሩም ተጣብቆ ተጣብቆ ነው የሚሄደው።

አሁን ዘፈን ክፈቱ፤ አንዳንዱ ብልሽት ድምፅ ካላለፈበት አይታወቅም። በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ምረጡ። ዝቅ አድርጋችሁ።

ክሮስፌደሩ ላይ (ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚያሻግረው አግድም ፌደር ላይ) ጊዜ ውሰዱ፤ ከሚክሰር ውስጥ ብዙ የሚደክመው እሱ ነው። አንደኛው ቻናል ላይ ዘፈኑ እየሄደ ክሮስፌደሩን እስከ ሁለተኛው ጫፍ ግፉት። ማስተሩን ሄድፎን ላይ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ከሩቅ እንደሚሰማ የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈኑ ከተሰማችሁ ፌደሩ አፍስሷል። ቀጥሎ ከጫፉ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱትና ድምፁ የት ላይ እንደሚገባ እዩ። ስክራች (ሸክላውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሹ መጫወት) ለሚሠራ ሰው ድምፁ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ላይ ብቅ ማለት አለበት፤ ከርቩን (ድምፁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገባ) ማስተካከያ ካለው እሱን ወደ ሹሉ አዙራችሁ ሞክሩት። ከዚያ በጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉት። እንደ ላላ ጥርስ ከተወዛወዘ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉም ፌደር አንድ አይደለም። በቀድሞዎቹ ድምፁ ራሱ በፌደሩ ካርቦን ላይ ያልፋል፤ ካርቦኑ ሲበላ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ቪሲኤ በሚባለው አሠራር ግን ፌደሩ ድምፁን አይሸከምም፤ ቮልቴጅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እየደከመም ቢሆን ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ምልክቱ የድምፁ ከፍታ በድንገት መዝለሉ ነው። ማግኔት የሚጠቀሙትስ? የሚክሰር አምራቹ ሬን ይህን ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ፓዮኒርም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዲጄኤም ኤስ9 ላይ አመጣው። በእነዚህ ውስጥ የሚፋተግ ካርቦን ስለሌለ ዕድሜያቸው ረዘም ይላል። ስክራች የምትወዱ ልጆች ለዚህ ትንሽ ብትጨምሩ አይቆጫችሁም።

የደከመ ክሮስፌደር ብቻውን ግዢውን አያስቀርም። ብዙዎቹ ብሎን ተፈትቶ የሚቀየሩ ናቸው። ጥያቄው መለዋወጫው ይገኛል ወይ ነው። ቬስታክስን ውሰዱ። የጃፓኑ ቬስታክስ ስክራች ለሚሠሩ ሰዎች እጅግ ግሩም ሚክሰሮችን ሠርቷል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ኩባንያው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከስሯል። ቬስታክስ ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል የሚሆን ፌደር ፈልጉ። ካላገኛችሁ ተዉት።

አደራ፣ የተበላሸ ፌደር ላይ ለዝገት የሚረጨውን ተራ ዘይት እንዳትረጩ። ለአንድ ሳምንት ደህና የሆነ ይመስላል። ከዚያ የፌደሩን ቅባት አጥቦ፣ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። እንዲህ ሆኖ የመጣልኝን ፌደር ቁጥሩን አላውቀውም።

የሄድፎን መሰኪያው የተረሳ ቦታ ነው። በየምሽቱ ይሰካል፣ ይነቀላል፣ ሰው ሲራመድ ገመዱን ይጎትተዋል። ውስጥ ያለው ስታኞ ይሰነጠቃል። ሰክታችሁ መሰኪያውን በእርጋታ አዙሩት፤ ግራና ቀኙ አንዴም መቋረጥ የለበትም። ትልቁንም ትንሹንም ቀዳዳ ሞክሩ። እኔ አንድ ምሽት ሰው ሞልቶ እየጨፈረ ሄድፎኔ ጸጥ አለብኝ። ቀጣዩን ዘፈን ሳልሰማ፣ በግምት አስገባሁት። ምቱ ተሳከረ። ሰዎቹ ቆመው ሲያዩኝ ዛሬም ይታየኛል። ያንን ሚክሰር ስገዛ መሰኪያውን ሞክሬው አላውቅም ነበር።

ሸክላ የምታጫውቱ ከሆነ ፎኖውን በወሬ አትመኑ፤ ከተቻለ ማጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ። ከመርፌው የሚመጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ሚክሰሩ መቶ እጥፍ ያህል ያጎላዋል። ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ቤዝም የሚመልሰው እሱ ነው። ትንሽ ጉድለት እዚያ ላይ ትልቅ ሆኖ ይሰማል። የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ብሎን ከኋላ መኖሩንም እዩ። ሸክላ የማትነኩ ከሆነ ግን ለፎኖ ብላችሁ አትክፈሉ።

ስለ ኮረንቲ አጭር ነገር ልበል። ከኋላ የተለጠፈውን አንብቡ። 100 ወይም 120 ቮልት የሚል ዕቃ 220 ላይ ከሰካችሁት ያበቃለታል። አዳፕተሩ ለብቻው ከሆነ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ኤሲ የሚያወጣ አዳፕተር የሚፈልጉ ሚክሰሮች አሉ፤ ዲሲ የሚያወጣ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ውስጡ ሳውንድ ካርድ ያለው ከሆነ ደግሞ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ ላይ በጣም እለምናችኋለሁ። አናሎጉ ክፍል ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ሆኖ ድራይቨሩ (ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ግን ለአዲሱ ላፕቶፕ የማይሠራለት ሚክሰር ሞልቷል። በተለይ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አፕል በራሱ ቺፕ የሚሠሩ ማኮችን ካወጣ በኋላ ብዙ አሮጌ ዕቃዎች ተቸግረዋል። ዩኤስቢውን ሰኩ፣ ድምፅ አስገቡ፣ አስወጡ። «ይሠራል» መባሉ አይበቃም።

የትኛውን ሞዴል ልግዛ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በሁለት ማጫወቻ የምትጫወቱ ከሆነ ጥሩ ባለሁለት ቻናል ይበቃችኋል። ለአራቱ የምታወጡትን ለሁለቱ ጥራት አውሉት። ክለብ ውስጥ ለመሥራት የምታስቡ፣ በብዙ ቤቶች የምታገኙት የፓዮኒርን ዓይነት ስለሆነ እጃችሁ እሱን ቢለምድ ይጠቅማችኋል። ዘፈን በዝግታ እያዋሃዳችሁ ረጅም ሰዓት መጫወት ለምትወዱ የአለን ኤንድ ሂዝ ዞን 92 ኢኪው (የቃና ማስተካከያው) እና ፊልተር ደስ ይላል። ኢፌክት ስለበዛ ብቻ ግን አትሳቡ።

ከሻጩ ጋርም አውሩ። የት ነበር የሚሠራው? ቤት ወይስ ክለብ? ለምን ይሸጣል? «ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ እስኪያጸዳው ድረስ እንደተበላሸ ቆጥራችሁ ተደራደሩ። የብሎኖቹ ራስ ተበልቶ ከሆነ ማን እንደከፈተው ጠይቁ። ሲሪያል ቁጥሩ ከተፋቀ ምንም ርካሽ ቢሆን ተሰናብታችሁ ውጡ። የሌላ ልጅ ድካም ሊሆን ይችላል። ወሬውን ስትጨርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ የቆየውን ዕቃ አንዴ ደግማችሁ ስሙት፤ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ብልሽት አለ።

የዚያን ልጅ መሰኪያ ቀየርኩለት፤ ኖቦቹንም አጸዳሁለት። ክሮስፌደሩ ገና ነው፤ አዲሱ እስኪመጣ ያለ እሱ በቻናል ፌደሮቹ እየተለማመደ ነው። ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ሚክሰር ሊገዛ ነው ብሎ አብሮት ለመሄድ ተነሳና መጀመሪያ እኔ ጋ ጎራ አለ። ቦርሳውን ከፍቶ አሳየኝ። ሄድፎን፣ ሁለት ገመድ፣ ላፕቶፑ፣ ትንሽ ባትሪ። «ጋሼ፣ የረሳሁት አለ?» አለኝ። የትልቁን ቀዳዳ መለወጫ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት።