ኮርማክ ማካርቲ ሃያሲያንን ለምን ከፋፈለ?

ሰላም ወንድሜ። «አሜሪካዊው ደራሲ ኮርማክ ማካርቲ ይህን ያህል እየተወደሰ አንዳንድ ሃያሲያን ለምን ያብጠለጥሉታል?» ላልከው፣ ጠቡ በዋናነት አጻጻፉ ላይ ነው።

ሙገሳውም ቢሆን ቶሎ አልመጣም። ብለድ ሜሪዲያን የተባለው ልብወለዱ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው። እስከ 1992 ድረስ አንድም ልብወለዱ በጠንካራ ሽፋን ከ5,000 ቅጂ በላይ አልተሸጠም። በዚያ ዓመት ኦል ዘ ፕሪቲ ሆርሰስ የተባለው ልብወለዱ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ወሰደና ነገሩ ተገለበጠ። ዘ ሮድ የተባለው ልብወለዱም በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ዝናው ሲገን ሙግቱም ጦፈ። አሜሪካዊው ሃያሲ ሃሮልድ ብሉም ብለድ ሜሪዲያንን ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ አሰለፈው። ብሉም ራሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጭፍጨፋ ከብዶት መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ማንበቡን አቋርጦታል! በተቃራኒው ሃያሲው ቢ. አር. ማየርስ በ2001 ዘ አትላንቲክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ፣ ማካርቲ ተራውን ድርጊት በትልልቅ ቃላት ያገዝፋል ብሎ ወረደበት።

ማየርስ በከፊል እውነት አለው። «እና» እያለ የሚቀጥለው ረጅም ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ ያደክማል። ዘ ሮድ ላይ ግን ይሄ ወቀሳ ብዙም አይሠራም። አባትና ልጅ በአመድ በተሸፈነ አገር የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ይሄዳሉ። ስም የላቸውም። ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ ባጫጭሩ «እሺ»፣ «እሺ» እየተባባሉ ያወራሉ። እዚህ ጋ ምኑ ነው የተጋነነው? ልጁ ሲፈራ አንተም ትፈራለህ። በዘ ሮድ ጀምር፤ ብለድ ሜሪዲያንን ለኋላ አቆየው።