መልስ፦ ወንድሜ ከሱስ ማገገሚያ ሲወጣ ለዘመድ ምን ልበል?

«የት ከርሞ ነው?» ለሚሉህ ዘመዶች መልስህ አጭር ይሁን፦ «ታሞ ነበር፣ ታክሞ ወጣ። ዝርዝሩን እሱ ከፈለገ ይነግራችኋል።» አልዋሸህም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የዕፅ ሱስን ከሕመሞች ተርታ ነው የሚመዘግበው። ታሪኩ ግን የእሱ ስለሆነ ሳታስፈቅደው ምንም አትጨምር።

ቤት ውስጥ ያለው ይብሳል። እሱ ሲገባ ቦርሳዋን ከሶፋው አንስታ ጉያዋ የምትከት እህት ካለች፣ ባትናገርም ሰምቷታል። ገንዘብ የሚያሰጋችሁ ከሆነ (ሊያሰጋም ይችላል፣ አልፈርድም) ገንዘቡን ቆልፉበትና ለምን እንደቆለፋችሁ ለራሱ ንገሩት። በጎሪጥ ከማየት ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ፣ ደጋግሜ ካየሁት፦ «ዳግም ብትነካው ዓይንህን አላይም» እንዳትሉት። እንዲህ የተባለ ሰው ሲያገረሽበት ተደብቆ፣ ብቻውን ነው የሚወስደው። ይወስድ የነበረው ሄሮይን ወይም መሰል ነገር ከሆነ ደግሞ፣ በሕክምናው ወቅት ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ስለሚያጣ የድሮው መጠን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ከተሰጠ ይመልሰዋል፤ ግን የሚሰጠው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ «ካማረህም፣ ከወሰድክም መጀመሪያ ለእኔ ደውል፤ አልቆጣም» በለው።