ለእናታችሁ የግፊት መለኪያ ስትልኩ

«እናትህ ግፊት አለባት ተባለች።» ይህ ስልክ ያልደረሰው የጎጃም ልጅ በውጭ አገር ጥቂት ነው። እኛም ወዲያው መለኪያ ገዝተን ለሚሄድ ሰው እናስይዛለን። እኔ ከአሜሪካ የላክሁት ደብረ ማርቆስ በገባ ማግስት ቻርጀሩ ተቃጠለ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በባትሪ የሚሠራ ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ይሻላል።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ አለካኩ ነው። እናቴ በየቀኑ «170 አለ» እያለች ስታስደነግጠኝ ከረመች። በቪዲዮ ሳያት ለካ በረካውን ጠጥታ፣ እግሯን ከመደቡ ላይ አንጠልጥላ፣ ከጎረቤት ጋር እያወጋች ነው የምትለካው! ከቡና በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሽንት ቤት ደርሳ ትምጣ። ጀርባዋን ትደገፍ፣ እግሯ መሬት ይርገጥ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ይረፍ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ከተቀመጠች በኋላ ትለካ። እንዲያ ስታደርግ 148 ሆነ። እሱም ከፍ ያለ ነው፤ ግን እንቅልፍ አላሳጣኝም።

ትልቁ ራስ ምታት መድኃኒቱ ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው እናቶቻችን «ተሽሎኛል» ብለው ያቆሙታል። ሁዳዴ ሲገባማ አይነሳ። ውኃ ሳይቀመስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዋላል፣ የጠዋቱ ኪኒን ይቀራል። እኔ ተከራክሬ አልቻልኋትም። በመጨረሻ ሐኪሟ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረላት። በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ይህን ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትቀያይሩ። ለጠበል ብላ መድኃኒት የምታቆም ካለች ደግሞ የነፍስ አባቷ ይንገሯት። የእኛን አትሰማም፣ የእሳቸውን ትሰማለች።

ከውጭ ኪኒን መላኩን እኔ አልወደውም። ጤና ጣቢያው አምሎዲፒን ይሰጣታል፣ ልጅ ኖርቫስክ ይልካል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። እሷ ሁለቱንም ትውጥና እግሯ ያብጣል፣ ስትነሳ ያዞራታል። ለጉልበት ሕመም ብላችሁ በሻንጣ የምትወስዱት አይቡፕሮፌንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ዳይክሎፌናክም እንደዚያው።

ጨው ቀንሺ ማለት ቀላል ነው። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል። የሚያበስለውን ሰው ንገሩ።

የላይኛው ቁጥር ከ180 ወይም የታችኛው ከ120 በላይ ካሳየ አምስት ደቂቃ አርፋ ትድገም። ያው ከሆነ የዚያኑ ቀን ትታይ። ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ፊቷ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም አፏ ከተሳሰረ ግን መለኪያውን ተዉትና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ሲጨመቅ ስንት ሰዓት ባከነ! ሌሊትም ቢሆን የሚመጣ ባለባጃጅ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሒሳቡን እናንተ ትልካላችሁ። ስልኩ በትልልቅ ቁጥር ይጻፍላት። እናቴ ቤት ከሥዕለ ማርያሟ ሥር ተለጥፏል።