"ልዩነት" ስንል የትኛውን ልዩነት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ሰሞኑን የእንግሊዝ ከተሞችን ጉዳይ አንሥቶ ነበር። እዚያ የከተማ ምክር ቤቶች "ዳይቨርሲቲ" ለሚሉት ሥራ ገንዘብ ያውጡ ወይስ አያውጡ እያሉ ፖለቲከኞቹ ይከራከራሉ። አንዱ ተማሪ "ምክር ቤት ለልዩነት ገንዘብ ማውጣት የለበትም" አለ። ተቃዋሚው ተነሣና "እኔም ልዩነትን እቃወማለሁ፤ ገንዘቡ መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው" አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ "እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ልዩነት አልነበራቸውም፤ ያ መርሕ ዛሬም ይሥራ" ብላ ዘጋችው። ለሦስቱም ተጨበጨበ። እኔ ግን ማን ከማን ጋር እንደተከራከረ ጠፋኝ። ትክክለኛው ቃል የቱ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጆቹን አይቆጧቸው። ይኸው ነገር በየስብሰባውና በየዜናው ይሰማል። ሦስቱም ልጆች አንድ ቃል ይዘው ስለ ሦስት ነገር ነው የተናገሩት።

"ልዩነት" ምንም ያልጎደለው አማርኛ ነው፤ ከ"ለየ" የወጣ። ነገር ግን ትርጉሙን የሚወስነው አብሮት የሚመጣው ግሥ ነው። "በሁለቱ በሬዎች መካከል ልዩነት አለ" ስንል አንዱ እንደ ሌላው አይደለም ማለታችን ነው፤ ማንንም አልወቀስንም። "በወንድማማቾቹ መካከል ልዩነት ተፈጠረ" ካልን ግን መልካቸው ቁርጥ አንድ ቢሆንም አልተስማሙም። "በልጆቿ መካከል ልዩነት ታደርጋለች" ካልን ደግሞ እናቲቱን ከሰናታል፤ ለአንዱ ሥጋውን፣ ለሌላው መረቁን ታወጣለች ማለት ነው። አለ፣ ተፈጠረ፣ አደረገ። የመጀመሪያው ዓይነትን፣ ሁለተኛው ሐሳብን፣ ሦስተኛው በደልን ይናገራል።

እንግዲህ ግሡን አንሡትና "የልዩነት ፖሊሲ" ወይም "ለልዩነት ገንዘብ" በሉ። ሰሚው የፈለገውን ይይዛል። እኔ "የልዩነት ፖሊሲ" ስሰማ ቶሎ የሚመጣብኝ የድሮዋ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ሰውን በቀለሙ ለይቶ መኖሪያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አውቶቡሱን የሚመድብ ፖሊሲ። የእንግሊዞቹ ክርክር ግን ከዚህ ተቃራኒ ስለሆነ ነገር ነው፤ ዘራቸው፣ ጾታቸው፣ እምነታቸው የተለያየ ሰዎችን አብሮ ስለማቀፍ። ሁለተኛው ተማሪ "እኔም ልዩነትን እቃወማለሁ" ያለው ይህ ስለመጣበት ነው፤ በአማርኛው አልተሳሳተም።

ሕጋችንም ቃሉን በሦስተኛው ትርጉም ተጠቅሞበታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ "ማንኛውም ዓይነት ልዩነት ሳይደረግ" ይላል። "ሳይደረግ" የምትለዋን ያስተውሉ። ልዩነት የለም አላለም። ዘሩ፣ ቋንቋው፣ ሃይማኖቱ ልዩ ልዩ መሆኑማ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ተዘርዝሯል። የተከለከለው ማድረጉ ነው።

ለ"ዳይቨርሲቲ" የተሻለው ቃል "ብዝኃነት" ነው። ከግእዙ "በዝኀ" የመጣ ነው፤ በዛ ማለት ነው። እርስዎ አገር ይህን ማስረዳት ቀላል ይመስለኛል። ከዋሸራ ወይም ከዲማ ቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ሰው ሠፈር ውስጥ አይጠፋምና "ብዙኅ" ምን እንደሆነ ጠይቁ ቢሏቸው ልጆቹ በደቂቃ ይዘውት ይመጣሉ። ብዙ ሰው ቃሉን የለመደው "ብዝኃ ሕይወት" ከሚለው ነው። አንዳንዶች "ብዝኃነት ብዛትን እንጂ ዓይነትን አይናገርም" ብለው ይሟገታሉ። ከሥሩ ካየነው እውነት አላቸው። ቃል ግን በሥሩ ብቻ አይኖርም፤ ዛሬ "ብዝኃነት" ያለ ሰው የዓይነትን መብዛት እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ላይ ማንንም አይከስም፣ ጠብም አይጠቁም። "የብዝኃነት ፖሊሲ" ሲባል ማንም ሰው አፓርታይድ አይመጣበትም። ለእኔ ይህ ይበቃል።

ለበደሉ ደግሞ "አድልዎ" እና "መድልዎ" አሉን። ሁለቱን እንደ አንድ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ብንለያቸው እመርጣለሁ። "አደላ" ለሰው ነው፦ ዳኛው ለዘመዱ አደላ። "መድልዎ" በሰው ላይ ነው፦ በሠራተኛዋ ላይ መድልዎ ተፈጸመባት። አንዱ የተጠቀመውን ያሳያል፣ ሌላው የተጎዳውን። ስለ ከተማ ገንዘብ ሲከራከሩ ይህ በጣም ይጠቅማል።

ለምን እንደሚጠቅም በበርሚንግሃም ላሳይዎ። የዚያች ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከግዴታ ወጪዎች በቀር አዲስ ወጪ ማውጣት አልችልም ብሎ በይፋ አስታወቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር። ምግብ አብሳዮች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ አስታማሚዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከእነሱ ሥራ ጋር እኩል በተመዘነ ሥራ ላይ ያሉ ወንዶች ጉርሻ ሲያገኙ እነሱ ተነፍገው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሴቶቹ የሚጠቅም ውሳኔ ሰጠ። ምክር ቤቱ ከዚያ ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎም አልጨረሰም፤ በ2023 የቀረውን ራሱ የገመተው ከ650 እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ አድርጎ ነበር።

አሁን ይህን ገንዘብ ምን እንበለው? "ለልዩነት የወጣ ገንዘብ" ካልነው ከስልጠናና ከፖስተር ወጪ ጋር ተደባለቀ። አድማጩ "የብዝኃነት ሥራ ከተማዋን አከሰራት" ብሎ ይሄዳል። "የመድልዎ ዕዳ" ካልነው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ሳይከፈል የቀረ ደመወዝ ነው። የብዝኃነት ሥራ ወጪ ይብዛ ይነስ ብሎ መከራከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የእኩልነት ሕጋቸው ምክር ቤቶች ሥራቸውን ሲሠሩ መድልዎን ስለማስቀረት እንዲያስቡ ያስገድዳል፤ ስንት ገንዘብና ስንት ሠራተኛ ለዚህ ይመደብ የሚለው ግን የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ይህን ይዞ መከራከር መብቱ ነው። ብቻ ቃሉን ይለይ።

ስለ ገንዘቡ ግሥም አንድ ነገር ልጨምር። "አወጣ"፣ "መደበ"፣ "አባከነ" አንድ አይደሉም። "አባከነ" ያለ ሰው ፍርዱን ሰጥቷል፤ ማስረጃውን ያምጣ በሏቸው። "በጀት ተመደበ" ያለ ደግሞ መዳቢውን ደብቋል። ማን መደበው? ከማን ኪስ? ልጆቹ ይህን "ተ" ባዩ ቁጥር ባለቤቱን መጠየቅ ቢለምዱ ከክርክር ክበብ ይዘው የሚወጡት ትልቅ ትምህርት ይሆናል። እግረ መንገዴን፣ የእንግሊዝን "ካውንስል" ሁልጊዜ "ምክር ቤት" ማለት ያሳስታል። እኛ ዘንድ ምክር ቤት ይመክራል፣ ይወስናል፤ የእነሱ ግን ቆሻሻም ያነሣል፣ ሠራተኛም ይቀጥራል። ስለ ሥራው ሲሆን "የከተማ አስተዳደር" ይሻላል።

የሦስተኛዋ ልጅ አነጋገር ነው ብዙ ያሳሰበኝ። "በጦርነቱ ጊዜ ልዩነት አልነበራቸውም" ማለት የሐሳብ ከሆነ እውነት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940፣ ጀርመን ደጃፋቸው ላይ እያለች፣ ፓርላማቸው በኖርዌይ ዘመቻ ላይ ተከራክሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሌን ሥልጣን ለቀቀ። በሐምሌ 1942 ደግሞ እሱን የተካው ቸርችል ራሱ የመተማመኛ ድምፅ ክርክር ቀርቦበት 475 ለ25 አሸነፈ። ቦምብ እየወረደ ይከራከሩ ነበር ማለት ነው። መድልዎ አልነበረም ለማለት ከሆነም አያስኬድም። በ1943 የትሪኒዳዱ የክሪኬት ተጫዋች ሊሪ ኮንስታንታይን ከነቤተሰቡ ለንደን አንድ ሆቴል ሄዶ በቀለሙ ምክንያት አናሳድርም ተባለ። ሰውየው ያኔ ለእንግሊዝ የሥራ ሚኒስቴር ያገለግል ነበር። ከሰሰ፤ በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ረታ። የተፈረደለት 5 ጊኒ (በእንግሊዝ ገንዘብ 5 ፓውንድ ገደማ) ብቻ ነበር፤ ፍርዱ ግን ተሰጠ። ልጅቱ መርሕ የምትፈልግ ከሆነ እዚህ ጋ ታገኘዋለች።

የራሳችንንም አይርሱ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማርከው ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦራቸውን ይዘው ከዚያው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ስለዚህ ስናወራ "ልዩነታቸውን ወደ ጎን ትተው" እንላለን። ወደ ጎን የሚተወው ያለ ነገር ነው። "ልዩነት አልነበራቸውም" ማለት እምባቦን መሰረዝ ነው።

ደግሞ "በጦርነት ጊዜ ልዩነት አይደረግም" እና "በጦርነት ጊዜ ልዩነት አይኖርም" የሚሉትን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉላቸው። የመጀመሪያው ለደካማው ከለላ ነው። ሁለተኛው "ዝም በሉ" ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ እንዳይነኩ ከጠበቃቸው መካከል አንቀጽ 25 አለበት፤ ያው "ልዩነት ሳይደረግ" የሚለው። እንግዲህ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለችውን የአንዲት ግሥ ርቀት ችላ ማለት የለብንም፤ በዚያ ሰዓት ሰው የሚጠበቀውም የሚጠቃውም በዚችው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክር ልጆቹ እንዲህ ቢሉ ይሻላል። የመጀመሪያው፦ "የከተማው አስተዳደር ለብዝኃነት ሥራ የሚያወጣውን ገንዘብ ይቀንስ።" ሁለተኛው፦ "አይቀንስ፤ መድልዎን አስቀድሞ መከላከል በኋላ ዕዳውን ከመክፈል ይረክሳል።" ሦስተኛዋ፦ "በጦርነትም በሰላምም ጊዜ በሰው መካከል ልዩነት አይደረግ፤ የሐሳብ ልዩነት ግን ይሰማ።" "ብዝኃነት"ን በ"ኃ" ይጻፉት። "ሃ" የጻፈ ልጅ ካለ ነጥብ አይቀንሱበት፤ ጋዜጦቹም እንደዚያ ነው የሚጽፉት።