መልስ፦ ጎርፍ በሚያሰጋው ቤት ጠመንጃን ስለ ማስቀመጥ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ አጠገብ ባለው ቤትዎ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ሳይመጣ፣ ፈቃድ ያለዎትን ጠመንጃ እንዴት ቢያስቀምጡ እንደሚሻል ጠይቀዋል።

ከሁሉ አስቀድመው ጥይቱን ያውጡና ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ጥይቱንም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ለብቻው ይቆልፉበት። ውኃ በገባበት ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ልጆች ይደነግጣሉ፣ ጎረቤትም ዕቃ ለማውጣት ይገባል፤ በዚያ ግርግር የጎረሰ ጠመንጃ ከጎርፉ የባሰ አደጋ ነው።

አልጋ ሥር አያስቀምጡት፤ ከግድግዳ ጋር በታሰረ ተቆላፊ ሣጥን ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በላስቲክ ጠቅልሎ ወይም በቆዳ ማኅደር ከትቶ ክረምቱን ሙሉ በመተው ነው፤ የታፈነው እርጥበትና ቆዳው የሚስበው ውኃ ብረቱን ያዝገዋል። እኛ በደሴ ጉም ውስጥ የምንኖር ይህን በሚገባ እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ የምትታየው በጣት ስትዳሰስ የምትሻክር ቡናማ ነጠብጣብ ናት። ስለዚህ የጠመንጃ ዘይት በስሱ ቀብተው በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ በየሳምንቱም ይመልከቱት።

ጎርፍ ከነካው፣ በአፈሙዙ የቀረ ደለል ሲተኮስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አይተኩሱበት፤ የራሰውንም ጥይት ምን ማድረግ እንዳለብዎ ፖሊስ ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ግዴታ ነውና ወረቀቱን በላስቲክ አድርገው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ። ውኃው ደጃፍዎ ከደረሰ ግን ሣጥኑን እንደ ተቆለፈ ትተው ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ከፍታ ይውጡ።